ታንኳ ላይ ሸራ ለመስቀል፦ የትኛው ሸራ፣ የትኛው ምሰሶ፣ የትኛው መሪ ይሻላል?

ታንኳዬ ላይ ሸራ ልስቀል ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ሸራ ነው ፈጣን" ብሎ ነው። እኔ ፍጥነቱን ለጊዜው ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ ነው የምለው፤ አንደኛ ንፋሱ ድንገት ሲያይል ይሄ ነገር ቶሎ ይወርዳል ወይ፣ ሁለተኛ ቦታው ልክ ካልመጣ ታንኳውን ሳልበሳ ወደፊት ወይ ወደኋላ ላንሸራትተው እችላለሁ ወይ። ቤት ውስጥ የተሰራ እቃ አንዴ ተገጥሞ ልክ አይመጣም፣ መነካካቱ የግድ ነው፣ ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች በሙሉ የምመዝናቸው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። የማወራው ደግሞ ስለ ተራ ክፍት ታንኳ ነው፣ ከ4.5 እስከ 5 ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ 90 ሳንቲ አካባቢ የሆነ፣ በመቅዘፊያ እንዲሄድ የተሰራ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ታንኳ ላይ ሸራና የጎን ተንሳፋፊ ገጥመው ውቅያኖስ ሲያቋርጡ ኖረዋል፣ እ.ኤ.አ በ1865 ደግሞ ጆን ማክግሬጎር የሚባል ጠበቃ ሮብ ሮይ ባላት ታንኳው ትንሽ ሸራ ይዞ የአውሮፓን ወንዞችና ሀይቆች ዞረ፣ ከዛ በኋላ ነው ነገሩ እንደ ስፖርት የተያዘው። እኛ የምንሰራውም ያው ነው፣ እቃው ብቻ ነው የተቀየረው።

ስንት ካሬ ይበቃል

ይሄን አስቀድሜ የማነሳው ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚከተል ነው። የአሜሪካ ካኑ አሶሲዬሽን የሚባለው የታንኳ ማህበር ለክፍት ታንኳ ውድድር ያስቀመጠው የቆየ ወሰን 44 ካሬ ጫማ ነው፣ 4.1 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ቁጥሩም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። 4 ካሬ ሸራ ላይ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ቢያርፍ ግፊቱ በግምት 7 ኪሎ ነው፣ ይሄ ምንም አይደለም። ንፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ሲሆን ግን ግፊቱ ወደ 18 ኪሎ ይዘላል፣ ምክንያቱም ንፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። አሁን የሸራው መሀል፣ ታንኳዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ውሃ ውስጥ ከሚገባው ሰሌዳ መሀል 2 ሜትር ያህል ከፍ ይላል በሉ፤ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመጀመሪያው ንፋስ ከመሀል 20 ሳንቲ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል ታንኳዋ ትስተካከላለች፣ በሁለተኛው ግን 48 ሳንቲ መውጣት አለበት፣ የታንኳዋ ጠርዝ ደግሞ ከመሀል 45 ሳንቲ ላይ ነው። ማለትም ጠርዙ ላይ ቂጢጥ ብሎ እንኳን አይበቃውም። ስለዚህ ለጀማሪ ከ3 እስከ 3.5 ካሬ፣ ለለመደ ሰው 4፣ ከዛ በላይ የጎን ተንሳፋፊ ለሚገጥም ሰው ብቻ ነው። "ትንሽ ሸራ አይስብም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ታንኳ ምን ያህል ቀላል እንደሆነች ረስቶት ነው።

ሸራዎቹ ሲነጻጸሩ

ከሁሉ ቀላሉ ንፋስ ከኋላ ሲመጣ ብቻ የሚሰራ ሸራ ነው፣ ሁለት ዘንግ በቪ ቅርጽ ይታሰርና መሀሉ ላይ ጨርቅ ይወጠራል፣ የጎን ሰሌዳ አይፈልግም፣ መሪ አይፈልግም፣ መቅዘፊያችሁን ከኋላ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። በግማሽ ቀን ይሰራል፣ ሲያስፈራ እጅ መልቀቅ ነው በቃ ይወድቃል። ችግሩ መመለሻው ነው፣ በሸራ የሄዳችሁትን መንገድ በሙሉ ንፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጣችሁ ቀዝፋችሁ ነው የምትመለሱት። ረጅም ሀይቅ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ለሚጓዝ ሰው ግን ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገውም፣ ብዙ ሰው ሳያስበው ወደ ከባዱ ስራ የሚገባው ይሄን አማራጭ ስለሚንቀው ነው።

ወደ ንፋሱ ዚግዛግ እየመታችሁ መመለስ ከፈለጋችሁ አራት ምርጫ አለ።

ስፕሪት ሸራ አራት ማዕዘን ነው፣ ከምሰሶው ታች ተነስቶ ወደ ላይኛው የኋላ ጫፍ በሰያፍ የሚሄድ አንድ ዘንግ ይወጥረዋል። እ.ኤ.አ በ1947 ክላርክ ሚልስ ለልጆች የሰራት ኦፕቲሚስት የምትባለው ትንሽ ጀልባ የምትጠቀመው ይሄን ነው፣ የሷ ሸራ 3.3 ካሬ አካባቢ ስለሆነ ያገለገለ ካገኛችሁ ለታንኳ የተለካ ነው የሚመስለው። ጥሩ ጎኑ ምሰሶው አጭር ነው፣ 2.5 ሜትር ይበቃዋል፣ ዘንጎቹ በሙሉ ታንኳዋ ውስጥ ይተኛሉ። የታችኛውን ዘንግ መተውም ይቻላል፣ ጭንቅላት የሚመታ ነገር አይኖርም። ንፋስ ሲበዛ ሰያፉን ዘንግ ስታወጡት የሸራው ግማሽ ይታጠፍና ወዲያው ጉልበቱ ይቀንሳል። መጥፎ ጎኑ የዘንጉን ገመድ በየጊዜው ማጥበቅ ነው፣ ትንሽ ከላላ ሸራው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሽብሽብ ይወጣና ወደ ንፋሱ መውጣት እምቢ ይላል።

ላቲን ሸራ ሶስት ማዕዘን ሆኖ ሁለት ረጅም ዘንግ ፊት ላይ ተገናኝተው ይይዙታል። ምሰሶው አጭር ነው፣ ሲያዩት ያምራል፣ መስቀሉም ማውረዱም በአንድ ገመድ ነው። ግን ሸራውን በግማሽ ማሳነስ ያስቸግራል፣ ወይ ሙሉ ነው ወይ የለም። ሲወርድ ደግሞ ሁለቱ ረጃጅም ዘንጎች ጭናችሁ ላይ ነው የሚተኙት፣ መቅዘፍ ስትፈልጉ የት እንደምታደርጓቸው ግራ ይገባችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሰንፊሽ የምትባለው ጀልባ ያገለገለ ሸራ በርካሽ ይገኛል፣ ያጓጓል፣ ግን 7 ካሬ ነው። ለታንኳ እጥፍ ነው፣ ወይ ቆርጣችሁ አሳንሱት ወይ ተዉት።

ሶስተኛው ምሰሶው ላይ እንደ እጅጌ የሚጠለቅ ሶስት ማዕዘን ሸራ ነው፣ የዊንድሰርፍ፣ ማለትም ሰው ቆሞባት በሸራ የሚጋልባት የውሃ ሰሌዳ፣ ሸራም ከዚሁ ይመደባል። ስፌቱ ቀላል ነው፣ የመስቀያ ገመድ የለውም፣ ወደ ንፋሱ ሲወጣም ጎበዝ ነው። ግን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ላይ ይወድቃል፣ አይወርድም! እጅጌው ምሰሶውን ስለያዘው ሸራውን ለማጥፋት ምሰሶውን ራሱ መንቀል ወይ ምሰሶውን እያዞሩ መጠቅለል ነው ያለው፣ ይሄን በሚወዛወዝ ታንኳ ላይ ቆሞ መሞከር ደግሞ መዋኘት ለፈለገ ሰው ነው። ምሰሶውም ይረዝማል፣ 4 ካሬ ለማግኘት የፊቱ ጠርዝ 4 ሜትር ታቹ 2 ሜትር መሆን አለበት፣ ታንኳዋ ውስጥ የሚገባው ሲጨመር 4.5 ሜትር አለፈ።

አራተኛው ላግ የሚባለው ነው፣ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው። አራት ማዕዘን ነው፣ ላይና ታች ዘንግ አለው፣ ሸራው ትንሽ ከምሰሶው ፊት ያልፋል። ምሰሶው 3 ሜትር አካባቢ ነው፣ አንድ የመስቀያ ገመድ አለው፣ ስትለቁት በራሱ ክብደት ዱብ ይላል። ማሳነስም ይቻላል፣ ታችኛው ክፍል ላይ በመስመር ማሰሪያ ክሮች ይሰፉና ሸራው ተጠቅልሎ ከታችኛው ዘንግ ጋር ይታሰራል፣ 4 ካሬው 2.5 ሆነ ማለት ነው። ላዩ ዘንግ ላይ የመስቀያው ገመድ የሚታሰረው ከፊት ጫፉ ሲሶ ላይ ወይ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፣ እዛ ጋ ጀምሩና እያያችሁ አንሸራትቱት። ዋናው ሚስጥር ግን የታችኛውን ዘንግ ወደታች የሚጎትተው ገመድ ነው፣ ሰው ሁሉ አላልቶ ያስርና ሸራው ላዩ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ሲያስቸግረው "ላግ ወደ ንፋስ አይወጣም" ይላል። እንደ ከበሮ ቆዳ እስኪሆን አጥብቁት፣ ያኔ ሌላ ሸራ ነው የሚመስላችሁ። ታችኛው ዘንግ ሲዞር ጭንቅላት ሊመታ ይችላል፣ ዝቅ ማለት ነው።

ጨርቁ

ጭነት የሚሸፈንበት የፕላስቲክ መከለያ ለመጀመሪያ ሸራ የሚወዳደረው የለም፣ ርካሽ ነው፣ ውሃ አይዝም፣ ተበላሽቶ ብትጥሉት አያናድድም። ጸሀይ ግን ትጨርሰዋለች፣ ስለዚህ ስትጨርሱ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ናይሎን፣ የድንኳን አይነቱ፣ ቀላል ነው ግን ይለጠጣል፣ ለኋላ ንፋስ ሸራ ይሁን እንጂ ወደ ንፋሱ ለሚወጣ ሸራ አይሆንም። ጥጥ ሲረጥብ ይከብዳል፣ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል፣ ለፎቶ ካልሆነ ይቅርባችሁ። ዳክሮን የሚባለው ትክክለኛው የሸራ ጨርቅ በካሬ ከ130 እስከ 170 ግራም የሚመዝነው ለዚህ ስራ ይበቃል፣ ግን እሱን የምትገዙት ቅርጹና መጠኑ በፕላስቲክ ተሞክሮ ልክ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ቢሆን ይሻላል። እኔ ፕላስቲኩን እንደ ናሙና ነው የማየው።

ጨርቁ ምንም ይሁን ምን ጠርዙን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ። ሸራ ሆድ ያስፈልገዋል፣ ሆዱ የሚመጣው ደግሞ ጠርዙ ትንሽ ወደ ውጭ ሲጎብጥና ቀጥ ካለ ዘንግ ጋር ሲታሰር ነው፣ ትርፉ ጨርቅ ወደ መሀል ይገባል። ለ3 ሜትር ጠርዝ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ መጉበጥ ይበቃል። የኋላው ነጻ ጠርዝ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ እሱ ቀጥ ይበል ወይ ትንሽ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ካልሆነ ሲርገበገብ ይውላል። ፕላስቲኩ ላይ ስፌቱን መጀመሪያ በሁለት ጎኑ በሚያጣብቅ የምንጣፍ ፕላስተር ያዙትና ከዛ በልብስ ስፌት መኪና ዚግዛግ ስፉት፣ ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ጥጎቹ ላይ ሶስት አራት ድርብ ጨርቅ ደርቡ፣ ሸራ የሚቀደደው መሀሉ ላይ ሳይሆን ጥጉ ላይ ነው።

ምሰሶና መቆሚያው

እንጨት፣ ቀርከሃ፣ አልሙኒየም ቱቦ፣ ያገለገለ የዊንድሰርፍ ምሰሶ፣ ምርጫው ይሄ ነው። ቋጠሮ የሌለው ቀላል ጣውላ ለ4 ካሬ ታች ላይ 50 ሚሊ ሆኖ ወደ ላይ እየቀጠነ 35 ሚሊ ቢደርስ ጥሩ ነው፣ በንፋስ ትንሽ ይተጣጠፋል፣ ይሄ ደግሞ ጥሩ ጸባይ ነው፣ ድንገተኛ ንፋስ ሲመጣ ግፊቱን ያለሰልሰዋል። ቀርከሃ ከክብደቱ አንጻር ጠንካራ ነው ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በየአንጓው መሀል በሲባጎ ጥምጥም አድርጋችሁ ኮላ ቀቡት። አልሙኒየም ቱቦ፣ 50 ሚሊ ሆኖ ግድግዳው 2 ወይ 3 ሚሊ የሆነ፣ ምንም ስራ የለውም ቆርጦ መጠቀም ነው፣ ግን ሁለቱን ጫፍ ካልደፈናችሁት ታንኳው ሲገለበጥ ውሃ ይሞላና ሁሉን ነገር ወደታች ይጎትታል፣ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከውሃው ዳር የመብራት ሽቦ ካለ ምሰሶውን አቁማችሁ እንዳትጎትቱ። የዊንድሰርፍ ምሰሶ ለሁለት ስለሚከፈል ለመጓጓዝ ይመቻል፣ ታችኛውን ግማሽ ብቻ ወስዳችሁ ለስፕሪት መጠቀምም ያስኬዳል።

ምሰሶው ሳይሆን ታንኳዋ ላይ የሚያዝበት ቦታ ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። ያ 18 ኪሎ ግፊት ከላይኛው መያዣ 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው፣ ከላይኛው መያዣ እስከ ታችኛው መቆሚያ ደግሞ 30 ሳንቲ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ የምሰሶው እግር ወደ ጎን በ80 ኪሎ ገደማ ነው የሚገፋው። በኮላ ብቻ የተለጠፈች ትንሽ እንጨት ይሄን አትችልም፣ በተለይ ታንኳችሁ ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ከሆነ ኢፖክሲም (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቀው ጠንካራ ኮላ) አይዘውም፣ ይላቀቃል። ፋይበርግላስና እንጨት ታንኳ ላይ ኢፖክሲ ይሰራል። ለፕላስቲኩ የሚሻለው ወለሉ ላይ ሰፋ ያለ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ አንጥፎ በሁለቱ ጎንና ከመቀመጫው እግር ጋር አስደግፎ ማስያዝ ነው፣ መቆሚያው ሰሌዳው ላይ በብሎን ይታሰራል። ላዩ መያዣ በታንኳዋ ወርድ የተጋደመ ጣውላ ሆኖ መሀሉ የተበሳ ይሁን፣ ከጠርዙ ጋር ከስር በእንጨት ቁራጭና በብሎን ተቆንጥጦ የሚያዝ፣ ይሄ ሳይበሳ ይንሸራተታል።

የጎን ሰሌዳው

ታንኳ ከታች ለስላሳ ስለሆነች ሸራ ብቻ ብትሰቅሉ ወደ ጎን ነው የምትንሸራተተው፣ ያን የሚከለክል ሰሌዳ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ታንኳዋን መሀሏን ቀዶ ሳጥን ሰርቶ ሰሌዳ ማውረድ ይቻላል፣ ያምራል፣ ንጹህ ነው፣ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ያስቡት፣ ቦታው ልክ ካልሆነስ? ደግሞ ታንኳችሁን ቀደዳችሁ እኮ። ስለዚህ ከጎን የሚንጠለጠለው ነው የሚሻለው።

ሁለት ሰሌዳ፣ በየጎኑ አንድ አንድ፣ ወይስ አንድ ብቻ? ሁለት ሲሆን አንዱ ሁሌ በደንብ ውሃ ውስጥ ነው፣ ግን ስራውም መጎተቱም ይጨምራል። አንድ ብቻ በአንዱ ጎን ጠንከር ባለ ብሎንና ሰፊ ሮንዴላ ከተያዘ በሁለቱም አቅጣጫ ይሰራል፣ ሰው "ንፋሱ ከዛኛው ወገን ሲሆን አይሰራም" ይላል፣ ይሰራል፣ ብቻ ወደ ውጭ እንዳይገነጠል መያዣው ሰፊ መሆን አለበት። እኔ በአንድ ጀምሩ ነው የምለው። ልኩ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ 25 ሳንቲ ወርድ፣ 90 ሳንቲ ርዝመት፣ 60ው ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ የፊቱ ጠርዝ ክብ፣ የኋላው ቀጠን ተደርጎ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ። ብሎኑ ላይ እንዲዞር አድርጉት፣ መሬት ሲነካ ወደኋላ ይነሳል።

ቦታውን ለማግኘት የሸራውን ቅርጽ በካርቶን ቁረጡና እርሳስ ጫፍ ላይ ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ ፈልጉ፣ ሰሌዳው ከዛ ነጥብ ቀጥታ ስር ወይ ትንሽ ከኋላው ይጀምር። ከዛ ውሃ ላይ ሞክሩት፤ መሪውን ስትለቁት አፍንጫዋ በሀይል ወደ ንፋሱ የሚዞር ከሆነ ሰሌዳውን ወደኋላ፣ ከንፋሱ የምትሸሽ ከሆነ ወደፊት። የምትፈልጉት በቀስታ ወደ ንፋሱ መዞርን ነው፣ ምክንያቱም ገመድ ካመለጣችሁ ራሷ ዞራ ትቆማለች። ተቃራኒው አደገኛ ነው። 10 ሳንቲ ማንሸራተት ስንት እንደሚቀይር ስታዩ የተቀደደ ሳጥን ያልሰራችሁት ጥሩ እንደሆነ ይገባችኋል።

መሪ

መቅዘፊያ ይበቃል ወይ? ለጀማሪ ይበቃል፣ ምንም የሚሰራ ነገር የለም፣ ሸራው ሲወርድም እጃችሁ ላይ ነው ያለው። የሚያደክመው አንድ እጅ ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ስለሚታሰርና ረጅም ርቀት ላይ ክንድ ስለሚያዝል ነው። ሰሌዳው ልክ ቦታው ላይ ከሆነ ግን ድካሙ በጣም ይቀንሳል፣ እንዲያውም መቅዘፊያው የሚከብዳችሁ ከሆነ ጥፋቱ የሰሌዳው ቦታ ነው።

ቋሚ መሪ መስራት ከፈለጋችሁ ምላሱ 20 ሳንቲ በ40 ሆኖ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ በላስቲክ ገመድ የተያዘና መሬት ሲመታ የሚነሳ ይሁን። ማጠፊያው ከአይን ብሎኖች (ጫፋቸው ቀለበት የሆነ) እና ከአንድ ረጅም ዘንግ ይሰራል። የታንኳ ጭራ ሹል ስለሆነ ተራ መሪ እጀታ ወደ እናንተ አይደርስም፣ ስለዚህ መሪው ላይ ወደ ጎን የወጣ ክንድ ይሰራና ረጅም ዘንግ ይታሰርበታል፣ ዘንጉን ስትገፉ ወደ አንድ ጎን፣ ስትስቡ ወደ ሌላው። ኖርዌይ ውስጥ ባህላዊ ጀልባዎች የሚጠቀሙት ነው። ገመድ ዘርግቶ በእግር ፔዳል መምራትም አለ፣ እጅ ነጻ ያወጣል፣ ግን ገመዱ ይላላል፣ ፔዳሉ ቦታ ይይዛል፣ እና ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ጠርዙ ስትወጡ እግራችሁ ከፔዳሉ ይርቃል። ዘንጉን ነው የምመርጠው።

የጎን ተንሳፋፊ ያስፈልጋል?

160 ሚሊ ፒቪሲ ቱቦ 1.5 ሜትር ተቆርጦ ሁለት ጫፉ ሲደፈን 30 ሊትር ይይዛል፣ የራሱ ክብደት ሲቀነስ 25 ኪሎ ያህል ያነሳል፣ ከመሀል 1 ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ደግሞ ከላይ ያሰላነውን የ8 ሜትር ንፋስ ከግማሽ በላይ ይሸከማል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ላለ፣ ወይ ውሃው ላይ ካሜራና መንጠቆ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው በጣም ጥሩ ነው። በየጎኑ አንድ አንድ ይገጠማል፣ ታንኳዋ ቀጥ ስትል ሁለቱም ከውሃው 5 ሳንቲ ከፍ ይበሉ፣ ካልሆነ ሁሌ ይጎትታሉ። ቱቦው ውስጥ የተከደኑ ባዶ ጠርሙሶች ሙሉበት፣ ክዳኑ ቢለቅ እንኳን አይሰምጥም።

ግን አጉል ድፍረት ይሰጣል። ታንኳዋ ስትጋደል ሸራው ንፋሱን ያፈስ ነበር፣ ተንሳፋፊ ሲኖር አትጋደልም፣ ያ ሁሉ ግፊት ምሰሶውና መቆሚያው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ተንሳፋፊ የሚገጥም ሰው መቆሚያውን ደግሞ ማጠናከር አለበት፣ ሸራ ለመጨመር ብቻ ብሎ መግጠም ደግሞ ጣጣውን መጨመር ነው።

ከመውጣት በፊት

ከሁሉም በፊት መሰራት ያለበት ማንም የማይጓጓለት ነገር ነው፣ ከፊትና ከኋላ በኩል አየር የተሞላ ቦርሳ ወይ ፎም አጥብቃችሁ እሰሩ። ውሃ የሞላባት ታንኳ ብዙ መቶ ኪሎ ነው የምትሆነው፣ ካለ ተንሳፋፊ ነገር ጥልቅ ውሃ ላይ ማንም ቀድቶ አይጨርሳትም። የውሃ መቅጃችሁ በገመድ ይታሰር፣ ላይፍ ጃኬቱ ይለበስ እንጂ ወንበር ስር አይቀመጥ። የሸራው መቆጣጠሪያ ገመድ ደግሞ እጅ ላይ ነው የሚያዘው፣ የትም ቦታ አይቋጠር፣ ንፋስ ሲበረታ ጣት መክፈት ብቻ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ቀን ንፋሱ ወደ ዳርቻው የሚነፍስበት ቀን ይሁን፣ ውሃውም ደረት የሚደርስ። እዛው ሆን ብላችሁ ገልብጧት፣ መጀመሪያ ካለ ሸራ፣ ቀጥሎ ከነሸራው። ምሰሶው ሙሉ በሙሉ ወደታች እየዞረ ካስቸገራችሁ ጫፉ ላይ የተከደነ የ2 ሊትር ባዶ ጠርሙስ እሰሩበትና እንደገና ገልብጣችሁ እዩት።